ከጠመንጃ በኋላ የሚቀረው

ብስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ ከመግሪብ በኋላ ከጎናችሁ ቁጭ ብሎ «አባ፣ በጠመንጃ ኢስላምን ማቆም ይቻላል?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? «ዝም በል፣ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በቤቱ መልስ ያጣ ልጅ መልሱን ከውጭ ይቀበላል። መልሱን የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት ተቀምጦ እንደሚናገር፣ ከልጃችሁ ምን እንደሚፈልግ እናንተ አታውቁም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከታሪክ እንፈልገው። ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በጎረቤታችን በሶማሊያ የተጀመረ፣ የአገራችንን ድንበር የተሻገረ፣ ፍንጣሪው አዲስ አበባ ድረስ የደረሰ ነው። አል ኢቲሐድ አል ኢስላሚ የተባለው ቡድን እንዴት እንደተነሳና እንዴት እንደወደቀ የሚናገር ታሪክ ነው።

ጥያቄውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ነዋሪነቴ ወልቂጤ ነው፤ ከዘመዶቼ ግማሹ ግን ቡታጅራ ናቸው። ባለፈው ዓመት ቡታጅራ ለለቅሶ ሄጄ ሳለ ከዐስር ሰላት በኋላ ከአንድ የዘመድ ልጅ ጋር ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ልጁ ትንሽ ካመነታ በኋላ «ጋሼ፣ ሉቅ የምትባል በሸሪዓ የምትተዳደር ከተማ ነበረች አሉ። ነጋዴው ሱቁን ሳይዘጋ ሰላት ይሄድ ነበር አሉ። እንዲህ ያለችውን ከተማ ለምን አፈረሷት?» ሲል ጠየቀኝ። ወሬውን ያገኘው በስልኩ ከሚያየው ቪዲዮ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ቂርአቱን አላቋረጠም፤ እናቱን በንግዷ ያግዛል። ጥያቄው የክፋት ጥያቄ አልነበረም። ፍትሕንና ሰላምን የናፈቀ ልብ የጠየቀው ጥያቄ ነበር። የሰማውም ነገር ውሸት አይደለም። ችግሩ የሰማው ግማሹን ብቻ መሆኑ ነው። እነሆ ለእሱ የነገርኩትን፣ ጊዜ አግኝቼ ደግሞ ጨምሬበት፣ ለእናንተ ላውጋችሁ።

አነሳሱ

ሶማሊያን ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ የገዛው ጄኔራል ሲያድ ባሬ አገሩን በሶሻሊዝም መንገድ እመራለሁ ያለ ሰው ነበር። በ1967 ዓ.ም. ወንድና ሴት ውርስን እኩል እንዲካፈሉ የሚያዝ የቤተሰብ ሕግ አወጀ። ሕጉን በአደባባይ ከተቃወሙት የሃይማኖት ሊቃውንት መካከል አሥሩ ጥር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በጥይት ተረሸኑ። ዐሊም በተናገረው ቃል ሲረሸን ያየ ወጣት ያንን ቀን አይረሳውም። ከወጣቶቹ ከፊሎቹ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወደ ግብፅና ወደ ሱዳን ሄደው ተማሩ። ከፊሎቹ በአገራቸው ተደብቀው ጥናታቸውን ቀጠሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሰሜን የነበረው ወሕደቱ ሸባብ እና በሞቃዲሾ የነበረው አል ጀማዓ አል ኢስላሚያ የተባሉት ስብስቦች ተዋሕደው አል ኢቲሐድ አል ኢስላሚ ተባሉ። ኢቲሐድ ማለት አንድነት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ ሰዎች ሲጀምሩ ሥራቸው ማስተማር ነበር። የተፍሲር ሐለቃ ያቋቁሙ፣ መጽሐፍ ያስቀሩ፣ ወጣቱን ወደ መስጊድ ይጠሩ ነበር። የደረሰባቸው በደልም እውነተኛ በደል ነበር። ስለዚህ «ክፉ ሰዎች ተሰብስበው ክፉ ነገር አሰቡ» ብለን ለልጆቻችን ብንነግራቸው እውነቱን አልነገርናቸውም። ይህ ታሪክ የሚያስፈራውና ትምህርት የሚሆነውም መነሻው መልካም ስለነበረ ነው።

ጥር 1983 ዓ.ም. ሲያድ ባሬ ከሞቃዲሾ ሸሸ። ይህ የሆነው እኛ አገር ደርግ ከመውደቁ አራት ወር ቀደም ብሎ ነበር። በእኛ አገር አንዱ መንግሥት ሲሄድ ሌላው ተተካ። በሶማሊያ ግን መንግሥት የሚባል ነገር ጠፋ። የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ተዘረፈ። ጠመንጃ እንደ እህል ገበያ ወጣ። እያንዳንዱ ጎሳ የራሱን ታጣቂ አቆመ። ያን ተከትሎ በመጣው ረሃብ እንደ ባይዶዋ ባሉ ከተሞች ሕዝቡ እንደ ቅጠል ረገፈ። የሚበዛው ሟች ሕፃን ነበር። በዚህ ጊዜ «ሌላው ሁሉ ታጥቆ እኛ ኪታብ ብቻ ይዘን እንዴት እንቀመጣለን?» የሚል አስተሳሰብ በኢቲሐድ ሰዎች መካከል ገባ። መሣሪያ ማንሳት አይገባም የሚሉ አዋቂዎችም በመካከላቸው ነበሩ። ሆኖም የጦርነት ጊዜ የትዕግሥተኛን ድምፅ አያሰማም። መታጠቅ ያሉት አሸነፉ። የጦር ሰፈርም ተቋቋመ።

ሦስት ከተሞች

ከዚህ በኋላ ያለውን የቡድኑን ዕድሜ በሦስት ከተሞች ልንናገረው እንችላለን።

የመጀመሪያዋ በደቡብ ያለችው የወደብ ከተማ ኪስማዮ ናት። በዚያው በ1983 ዓ.ም. አራሬ በተባለው ድልድይ አጠገብ የቡድኑ ተዋጊዎች የጄኔራል ሙሐመድ ፋራህ አይዲድን ኃይል ለማቆም ገጠሙ፤ ተሸነፉም። ውድ አንባቢያን፣ በዚያ ድልድይ በዚህም በዚያም ወገን የወደቀው ሙስሊም ነበር። ኢቲሐድ «ከጎሳ በላይ ነን» ብሎ ተነስቶ ነበር። ጠመንጃውን ባነሳ በመጀመሪያው ዓመት ግን በጎሳዎች ጦርነት ውስጥ አንዱ ወገን ሆኖ ተገኘ። በጎሳ ጦርነት መካከል የተተኮሰ ጥይት ተኳሹ ምንም ቢል የጎሳ ጥይት ሆኖ ይቆጠራል።

ሁለተኛዋ በሰሜን ምሥራቅ ያለችው የቦሳሶ ወደብ ናት። ከኪስማዮ የተረፉት ወደዚያ ሄዱ። የአካባቢው ሕዝብና ኤስ.ኤስ.ዲ.ኤፍ. የሚባለው ግንባር አላባረሯቸውም። እንዲያውም በወደቡ ሥራና ጥበቃ ላይ ትልቅ ስፍራ ያዙ። አደራ ተሰጣቸው ማለት ይቻላል። ሰኔ 1984 ዓ.ም. ግን ቡድኑ ጋሮዌ ከተማን በድንገት ይዞ የግንባሩን መሪዎች አገተ፤ አካባቢውን በሙሉ ለመቆጣጠርም ተነሳ። ሕዝቡ በኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ መሪነት ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከጋሮዌም ከቦሳሶም አስወጣቸው። በዚያ ጦርነት ብዙ ወጣት አለቀ። ከዚህ ሽንፈት በኋላ ከራሳቸው ከቡድኑ ሰዎች ብዙዎቹ «መንገዳችን ይህ አይደለም» ብለው ወደ ማስተማርና ወደ ንግድ ተመለሱ። ያልተመለሱት ወደ ሦስተኛዋ ከተማ ሄዱ።

ሦስተኛዋ የዘመዴ ልጅ የጠየቀኝ ሉቅ ናት። ሉቅ በጌዶ አውራጃ የጁባ ወንዝ ዞሮ በከበባት መሬት ላይ ያለች የቆየች የንግድ ከተማ ስትሆን ከአገራችን ድንበር ከዶሎ ብዙ አትርቅም። ቡድኑ ከ1985 ዓ.ም. አካባቢ እስከ 1988 ዓ.ም. ያስተዳደራት እሱ ነበር። ልጁ የሰማው እውነት ነው። በዚያ ዘመን ሶማሊያ ውስጥ ሰው በጠራራ ፀሐይ ሲዘረፍ፣ ሉቅ ውስጥ በመንገድ ላይ ጠመንጃ ይዞ መሄድ ተከልክሎ ነበር፤ ፍርድ ቤት ነበር፤ ሌባ ይቀጣ ነበር። የእርዳታ ሠራተኞች ሳይቀሩ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ሰላም እንዳለባት መስክረውላታል። ጫትም ተከልክሎ ነበር። በወልቂጤና በአካባቢዋ ጫት ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ፣ ለብዙ ልጅ ደግሞ ፈተና በሆነበት አገር ላለን ለእኛ ይህች ነገር ብቻዋን ጆሮ ትስባለች።

ታዲያ ያልተነገረው ግማሽ ምንድን ነው? አንደኛው ነገር ቡድኑ በሉቅ ሊቀመጥ የቻለው የአካባቢው የመረሐን ጎሳ ስለታገሠው መሆኑ ነው። ከተዋጊዎቹ ብዙዎቹ ከሌላ አካባቢ የመጡ ነበሩና በከተማዋ እንግዶች ነበሩ። ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ሉቅ የሰላም ከተማ ብቻ አልነበረችም፤ የጦር ሰፈርም ነበረች። በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ በኦጋዴንም በዚሁ ስም የተደራጀ ክንፍ ነበረ፤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮም ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ይዋጋ ነበር። የሉቅ ሱቅ ባለቤት ሱቁን ሳይዘጋ ሰላት ሲሄድ፣ ከዚያው ከተማ የሚወጣው መንገድ ሌላ ሰው በሌላ ከተማ በሰላም እንዳያድር ያደርግ ነበር። ለራስ ሰላም ይዞ ለጎረቤት እሳት መላክ እንዴት ተደርጎ ይዘልቃል?

እሳቱ አዲስ አበባ ሲደርስ

1988 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቦምብ ዓመት ነበር። ጥር ላይ በአዲስ አበባ በጊዮን ሆቴል ፈነዳ። በዚያው ዓመት በድሬዳዋ በራስ ሆቴል ፈነዳ። ሐምሌ ማለቂያ ላይ በዋቢ ሸበሌ ሆቴል ፈነዳ። ሰው ሞተ፤ ሰው አካሉን አጣ። ሐምሌ 1 ቀን 1988 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና የመገናኛ ሚኒስትሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሑሴን በአዲስ አበባ ተተኮሰባቸው፤ ቆስለው ተረፉ። መንግሥት ለእነዚህ ጥቃቶች አል ኢቲሐድን ተጠያቂ አደረገ። በቡድኑ ስም ኃላፊነት መወሰዱም ተዘገበ።

ዶክተር አብዱልመጂድ ማን እንደነበሩ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ሙስሊም ናቸው። ሶማሌ ናቸው። የኢትዮጵያ ሶማሌ ሕዝብ በፖለቲካና በድርድር መብቱን እንዲያገኝ የሚሠራ ፓርቲ ይመሩ ነበር። «ለሶማሌ ሙስሊም መብት እዋጋለሁ» ያለው ጠመንጃ የተነጣጠረው በሶማሌው ሙስሊም ላይ ነበር። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይምሰላችሁ። ጠመንጃን መንገዱ ያደረገ ሰው ከጠላቱ ይልቅ የሚያስፈራው በሌላ መንገድ እዚያው ግብ መድረስ እንደሚቻል የሚያሳይ የራሱ ወገን ነው።

ነሐሴ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ድንበር ተሻግሮ ሉቅንና ቡሎ ሐዋን መታ። በ1989 ዓ.ም. አጋማሽ እንደገና መታ። ሰፈሮቹ ፈረሱ፤ ተዋጊዎቹ ሞቱ ወይም ተበተኑ። የሉቅ አስተዳደር በዚህ አበቃ። «ለምን አፈረሷት?» ላለው ልጅ መልሱ ይህ ነው። ፈርሳ የተገኘችው ሱቁን ሳይዘጋ ሰላት ስለሄደው ነጋዴ አይደለም። በነጋዴው ጀርባ ስለተቀመጠው ሰፈር ነው። ዕዳውን የከፈለው ግን ነጋዴውም ጭምር ነው።

እኛስ ምን ከፈልን? ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሑስኒ ሙባረክ በአዲስ አበባ የግድያ ሙከራ ተደርጎባቸው ነበር። ያደረጉት ከግብፅ የመጡ የአል ጀማዓ አል ኢስላሚያ ሰዎች ነበሩ። የጉራጌ ሙስሊም ነጋዴ ከእነዚያ ግብፃውያንም ሆነ ከሉቅ ሰዎች ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ነገር ግን ሁለቱ ነገሮች ተደራርበው ሲመጡ በአገሩ ላይ በጥርጣሬ ዓይን መታየት ጀመረ።

አንድ አጎቴ በመርካቶ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ጢማቸው ረዘም ያለ፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወልቁ ሰው ነበሩ። በዚያ በ1988 ዓ.ም. ክረምት ለንግድ ወደ አንድ ከተማ ሄደው ማታ አልጋ ሲጠይቁ እንግዳ ተቀባዩ ቀና ብሎ አያቸውና «አልጋ የለም» አላቸው። ከኋላቸው የገባው ሰው ግን ወዲያው ቁልፍ ተሰጠው። አጎቴ ሌሊቱን በመናኸሪያ አግዳሚ ላይ አደሩ። ቤት ተመልሰው ሲያወጉን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጆቼ፣ በዚያ ልጅ አልፈርድበትም። ሬዲዮ የነገረውን ነው የፈራው። እኔ የምፈርደው በዲኔ ስም ቦምብ ባጠመደው ላይ ነው። እሱ ባይኖር ኮፍያዬ አልጋ አይከለክለኝም ነበር» አሉን። ይህ እንግዲህ ከሞትና ከእስር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ያን ዓመት በየመናኸሪያው፣ በየኬላው፣ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር የገጠመውን ሙስሊም ማን ይቆጥረዋል?

ከአንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፍ

ከ1989 ዓ.ም. በኋላ አል ኢቲሐድ እንደ ጦር አልቆመም። በመስከረም 1994 ዓ.ም. አሜሪካ በአሸባሪነት መዝገብ ስሙን ስታሰፍር ቡድኑ በጦር ሜዳ ካበቃለት ቆይቶ ነበር። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ከዚያ ግንድ ሁለት ቅርንጫፍ ወጣ።

አንዱ ቅርንጫፍ ወደ መነሻው ተመለሰ። ጠመንጃውን ትቶ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ዳዕዋ አደረገ፣ ነገደ። ይህ ወገን ኋላ አል ኢዕቲሷም የሚል ስም ያዘ። ዛሬም ሶማሊያ ውስጥ በመስጊዱና በትምህርት ቤቱ ይታወቃል።

ሌላው ቅርንጫፍ ጠመንጃውን አልጣለም። የቀድሞው የሶማሊያ ጦር ኮሎኔል የነበሩትና የኢቲሐድን ጦር ከመሩት አንዱ ሼኽ ሐሰን ዳሂር አዌይስ ወደ እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ገቡ። ኅብረቱ በ1998 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ሞቃዲሾን ያዘ። እንደገና ሰላም ሆነ ተባለ፤ እንደገናም ኬላ ጠፋ፣ ገበያ ተከፈተ። እንደገና ግን ጦርነት መጣ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ገብቶ ኅብረቱ ፈረሰ። ከፍርስራሹ አልሸባብ በረታ። ኮሎኔሉ በኋላ ከአልሸባብ ጋር ተዋሐዱ። በ2005 ዓ.ም. የአልሸባብ መሪ የነበረው አሕመድ ጎዳኔ በራሱ ባልደረቦች ላይ ተነሳ። ከኢቲሐድ ዘመን ጀምሮ የነበረው ኢብራሂም አል አፍጋኒ በገዛ ድርጅቱ ተገደለ። አዌይስም ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሸሽተው በሞቃዲሾ በመንግሥት እጅ ወደቁ። ዕድሜ ልካቸውን ጠመንጃ የያዙ ሽማግሌ በመጨረሻ የሸሹት ከራሳቸው ጠመንጃ ነበር።

አሁን የሁለቱን ቅርንጫፎች መገናኛ ልንገራችሁ። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ሼኽ ዐብዱልቃዲር ኑር ፋራሕ የተባሉ የኢዕቲሷም ታላቅ ዐሊም ጋሮዌ ከተማ በሚገኝ መስጊድ ውስጥ በሰላት ላይ ሳሉ በጥይት ተገደሉ። የኢቲሐድ የቀድሞ ሰው ነበሩ። አልሸባብን በአደባባይ የሚቃወሙም ነበሩ። ገዳዩ የአልሸባብ ሰው ነበር። ጋሮዌን አስታወሳችኋት? ኢቲሐድ በ1984 ዓ.ም. በጠመንጃ የያዛት ከተማ ናት። በ1967 ዓ.ም. ዑለማ በሲያድ ባሬ ወታደሮች ስለተረሸኑ የተጀመረው ነገር፣ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ዐሊምን በሰጋጅ እጅ፣ በመስጊድ ውስጥ፣ በሱጁድና በሩኩዕ መካከል አስገደለ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. በሞቃዲሾ ዞቤ በተባለው መንታ መንገድ በመኪና የተጫነ ቦምብ 587 ሰው ገደለ። አልሸባብ ተጠያቂ ነው የተባለበት ይህ ጥቃት የጨረሰው የሶማሊያን ሙስሊም ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አልሸባብ ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ሰርጎ ሲገባ ፊት ለፊት የገጠመው የክልሉ የራሱ ልጅ፣ ያው ሙስሊም ነበር።

የእኛው አገር ምስክርነት

እኛ በጉራጌ ምድር የምንኖር ሰዎች ይህን ትምህርት ከሶማሊያ ብቻ መውሰድ አያስፈልገንም። ወልቂጤ ያለችበት የቀቤና አገር የራሱ ታሪክ አለው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ የአካባቢውን ሙስሊም አስተባብረው የምኒልክን ጦር ለዓመታት ተቋቁመው ነበር። በመጨረሻ በ1880 ወይም በ1881 ዓ.ም. ራስ ጎበና ዳጬ አሸነፏቸው። ሐሰን ኢንጃሞን ከኢቲሐድ ጋር እኩል አላደርጋቸውም። እሳቸው አገራቸውን ሊይዝ የመጣን ጦር በአገራቸው ላይ ቆመው ተከላከሉ። በሰው ከተማ ሆቴል ላይ ቦምብ ያስቀመጡ አይደሉም። ስማቸው በአካባቢያችን በክብር የሚነሳውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጦሩ ከተሸነፈ በኋላ ኢስላም ከዚህ አገር ጠፋ? አልጠፋም። እንዲያውም ሰፋ። ያሰፋው ማነው? ጠመንጃ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። የአብሬትና የቃጥባሬ ሸኾች ደረሳ ሰብስበው ቁርኣን አስቀሩ፤ የተጣላ አስታረቁ፤ ለድሃ ማዕድ ዘረጉ። ሰባት ቤት ጉራጌ ውስጥ ሙስሊሙ የበዛው በእነዚህና በመሰሎቻቸው ማስተማር ነው። በደርግም በኢሕአዴግም ጊዜ፣ መንግሥት ሲለዋወጥ ቂርአቱ አልተቋረጠም። ጦሩ የያዘው መሬት በሌላ ጦር ተወሰደ። ሸኾቹ በሰው ልብ ያኖሩትን ግን ማንም ጄኔራል ሊማርከው አልቻለም። ዛሬ በቡታጅራና በወልቂጤ ፈጅር ላይ አዛን ሰምታችሁ የምትነሱት ከዚያ ወገን በተረከባችሁት አደራ ነው።

በመላ አገራችንም ተመልከቱ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በሰላም ወጥቶ እኩልነቱን ጠየቀ፤ ክርስቲያን ወንድሞቹም አብረውት ወጡ። በዓመቱ ውስጥ ዒዶቻችንና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአወሊያ የተጀመረው የመብት ጥያቄ ለዓመታት በጁሙዓ ሰላት በዝምታና በሰላም ቀጠለ። መሪዎቹ ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ከሰባት እስከ ሃያ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። በዚያን ጊዜ «ሰላማዊ መንገድ ምን አተረፈ?» ያለ ወጣት አልጠፋም። እስረኞቹ ግን ኋላ ተፈቱ። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ይህ ሁሉ ጥያቄ ተመለሰ ማለት አይደለም። ዛሬም የሚያስለቅስ ነገር አለ። ሆኖም በዚህ መንገድ የተገኘው ነገር እጃችን ላይ አለ፤ ሉቅ ግን የለችም።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ እንግዲህ ነገሬን በሦስት ምክር ልጨርስ።

አንደኛ፣ የልጆቻችሁን ጥያቄ አትፍሩት። ልጅ ስለ ፍትሕ ሲጠይቅ ልቡ ሕያው ነው ማለት ነው፤ አልሐምዱሊላህ በሉ። በደል የለም አትበሉት፤ እንዳለ ያውቃልና አያምናችሁም። በደል እንዳለ ንገሩት። ከዚያም በደልን በደል ያቆመበትን አገር አሳዩኝ ብላችሁ ጠይቁት። ከላይ ያለውን ታሪክ ከእነ ዓመተ ምሕረቱ አውጉት። ሶማሊያን ካልሰማ ሐሰን ኢንጃሞንና ሸኾቹን አውጉት።

ሁለተኛ፣ የልጃችሁን ኡስታዝ እወቁት። ልብስ ስትገዙ ጨርቁን በጣታችሁ ታሻላችሁ፤ ልጃችሁን የሚያስቀራውንስ? ፊቱን የማታውቁት፣ ጎረቤቱ የማይመሰክርለት፣ ሲሳሳት ዑለማ የማያርመው ሰው በስልክ ውስጥ ሆኖ ልጃችሁን ወደ ሞት ቢጠራ እሱ ራሱ አይሞትም። በቡታጅራም በወልቂጤም ብዙ ዓመት ያስቀሩ፣ ስማቸውና ቤታቸው የታወቀ አዋቂዎች አሉ። ልጆቻችሁን እዚያ ስደዱ። እናቶች በተለይ፣ ልጃችሁ ዝም ማለት ሲያበዛ፣ ከጓደኞቹ ሲለይ፣ አባቱን «አላዋቂ» ማለት ሲጀምር ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ባያችሁ ጊዜ አትሸፍኑት። ለሽማግሌ፣ ለአዋቂ ንገሩ።

ሦስተኛ፣ የምንመኘውን ሉቅ በየቤታችን እንሥራው። ነጋዴው ሱቁን ሳይዘጋ ሰላት የሚሄድባት ከተማ የምትገኘው ጠባቂ በማቆም ብቻ አይደለም፤ የጎረቤትን ዕቃ የማይነካ ልጅ በማሳደግ ነው። ሚዛን አናጉድል። የሠራተኛን ደመወዝ አናቆይ። ከጫት ያልተላቀቀውን ልጅ በዱላ ሳይሆን በሥራና በጓደኝነት እናውጣው። ክርስቲያን ጎረቤታችን ሲታመም እንጠይቀው፤ ሲሞትበት እንቅበርለት። ይህ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በቪዲዮም አያምርም። ነገር ግን ማንም ሠራዊት ድንበር ተሻግሮ ሊያፈርሰው አይችልም።

አላህ ልጆቻችንን ከፊትና ይጠብቅልን። በሶማሊያ በግፍ ለሞቱት ይዘንላቸው፤ ለሕዝቧም ሰላምን ይመልስለት። ለአገራችን ሰላም፣ ለአዋቂዎቻችን ዕድሜ፣ ለእኛም ሰብርን ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።